አንድ ሐዲድ ለሁለት ባቡር፦ ስለ ጣቢያ ውስጥ የባቡር ምልክቶች ስያሜ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚደክም ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠጋው ቃሉ ለጆሮ እንዳይከብድ ወይም በተጠቃሚው ዘንድ ሳይለመድ እንዳይቀር ነው። በአንዳንድ ሙያዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሥጋት አለ። ይኸውም ቃሉ የተለመደና ለጆሮም የሚስማማ ሆኖ ሳለ ከታሰበው ውጭ ሌላ ነገር እንዳይናገር ነው። የባቡር መንገድ ሥራ ከእነዚህ ሙያዎች አንዱ ነው። በዚህ ሥራ ምልክት ሰጪው የሚናገረውና ነጂው የሚረዳው ነገር አንድ ካልሆነ፣ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዘርፉ ጠባብ የሆነውን አንድ ክፍል ነው፤ ይኸውም ባቡር ወደ ቆመበት የጣቢያ ሐዲድ ሌላ ባቡር ለማስገባት የሚያገለግለው የምልክት አሠራር ነው። ለምሳሌነት የወሰድነው የብሪታንያን ልማድ ነው፤ አሠራሩ ከቀደምቱ አንዱ ከመሆኑም በላይ ቃላቱ በእንግሊዝኛ በኩል ወደ ብዙ አገሮች የሥራ መመሪያዎች ገብተዋልና። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የነገሩ መሠረት

ባቡር በብረት ላይ የሚንከባለል ብረት ስለ ሆነ፣ ለመንከባለል የሚረዳው ልስላሴ ለመቆም ያስቸግረዋል። በፈጣን ጉዞ ላይ ያለ ባቡር ፍሬን ከተያዘበት በኋላ ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የባቡር ነጂ እንደ መኪና ነጂ ዐይኑን ብቻ አምኖ ሊጓዝ አይችልም፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ያልተያዘ መሆኑን ሌላ ሰው ወይም ሌላ መሣሪያ ሊያረጋግጥለት ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ይህ ማረጋገጫ የሚሰጠው በሰዓት ነበር። አንድ ባቡር ከወጣ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ተጠብቆ የሚቀጥለው ይለቀቅ ነበር። የዚህ አሠራር ጉድለት ግልጽ ነው፤ ሰዓቱ የፊተኛው ባቡር መሄዱን እንጂ መድረሱን አይናገርም። በ1889 ሰኔ 12 ቀን በአየርላንድ በአርማ ከተማ አጠገብ የሽርሽር መንገደኞችን የያዘ ባቡር ዳገት አቅቶት ቆመ። ሠራተኞቹም ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ክፍል ሊወስዱ ሲሞክሩ የኋለኛው ክፍል ቁልቁል ተንከባልሎ በሰዓት ልዩነት ከኋላ ከተለቀቀው ባቡር ጋር ተጋጨ። 80 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በመንገደኛ መስመሮች ላይ ሦስት ነገሮችን አስገዳጅ አደረገ። እነዚህም ሐዲዱን በክፍል ከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ባቡር ብቻ የማስገባት ሥርዓት፣ የምልክቶችና የሐዲድ መቀየሪያዎች መቆላለፍ፣ እንዲሁም በባቡሩ ሙሉ ርዝመት የሚሠራ ፍሬን ናቸው።

መቆላለፍ የተባለው ጆን ሳክስቢ በ1856 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ሥራ የተነሣ ነው። ምልክት ሰጪው የአንዱን መንገድ ምልክት ሲከፍት፣ ከዚያ መንገድ ጋር የሚጋጩት መቀየሪያዎችና ምልክቶች ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይቆለፋሉ፤ ቢፈልግ እንኳ ሊያንቀሳቅሳቸው አይችልም። እዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ ርባታ ያለ ብዙ ድካም ያገለግለናል። «ቆለፈ» ከሚለው ግሥ የሚገኘው «ተቆላለፈ» አንዱ ሌላውን መያዙንም የነገሩን ብዛትም በአንድ ቃል ይገልጻል። «የመቆላለፊያ ሥርዓት» የሚለው ስያሜ ተጨማሪ ማብራሪያ የማያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው መሠረት አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሐዲድ ዑደት ነው። በአንድ የሐዲድ ክፍል ሁለት ብረቶች ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይላካል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መቀበያ ፍሰቱን እስካገኘ ድረስ ክፍሉ ያልተያዘ መሆኑን ያመለክታል። ባቡር ሲገባ መንኰራኵሮቹ ሁለቱን ብረቶች ያገናኙና ፍሰቱ ወደ መቀበያው ሳይደርስ ይመለሳል። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ኃይል ቢቋረጥም መቀበያው የሚናገረው ያንኑ «ተይዟል» የሚለውን ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄ እንዲያጋድል ሆኖ ተሠርቷል። ይህን ጠባይ ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች እንደምናየው ቃልም እንዲሁ ሊሠራ ይችላልና።

2. ከሕጉ የወጣው አሠራር

በአንድ የሐዲድ ክፍል አንድ ባቡር ብቻ ይግባ የሚለው ሕግ በጣቢያ ውስጥ እንደ ተጻፈ ሊፈጸም የማይችልበት ጊዜ አለ። ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ባቡሮች ተቀጣጥለው እንደ አንድ ባቡር እንዲሄዱ ሲፈለግ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ወደ ቆመበት ሐዲድ መግባት አለበት። መጨረሻ ጣቢያ የደረሰን ባቡር ይዞ ለመመለስ የሚመጣው ሎኮሞቲቭም ወደ ተያዘ ሐዲድ ይገባል። እንደዚሁም መሳፈሪያው ረጅም ባቡሮቹ ግን አጫጭር በሚሆኑበት ጣቢያ፣ ሁለት ባቡሮችን በአንድ ሐዲድ ማቆም ቦታን መቆጠብ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ጣቢያ እጅግ ረጅም የሆነው መሳፈሪያ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ቁጥር የተሰጠው፣ በመካከሉም ባቡሮች ከሐዲዱ ወጥተው የሚያልፉበት መቀየሪያ የተበጀለት ስለዚህ ነው።

ይህን ለመፈጸም የብሪታንያ ምልክቶች የሚከተሉት ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ዋናው ምልክት ቀይ እንደ ሆነ ይቆያል። ከእርሱ ጋር ያለ ረዳት ምልክት ብቻ ይከፈታል፤ በዱሮው የክንድ ምልክት ይህ ከዋናው ክንድ በታች የተሰቀለ ትንሽ ክንድ ሲሆን፣ በመብራት ምልክት ደግሞ ሰያፍ ሆነው የሚበሩ ሁለት ነጫጭ መብራቶች ናቸው። ይህም ረዳት ምልክት በብዙ ቦታ ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ አይከፈትም፤ ባቡሩ ወደ ቀዩ ምልክት ቀርቦ ፍጥነቱን ከቀነሰ ወይም ከቆመ በኋላ ነው። መቆላለፊያው መቀየሪያዎቹ በትክክል መያዛቸውን ይመረምራል፤ የመሳፈሪያው ሐዲድ ያልተያዘ መሆኑን ግን አይጠይቅም። ሊጠይቅም አይችልም፤ ሐዲዱ የተያዘ መሆኑ ታውቆ ነውና ባቡሩ የሚገባው።

3. ፈቃድና ዋስትና

የአሠራሩ ቍልፍ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሆነ ዋና ምልክት ለነጂው ሁለት ነገር በአንድነት ይሰጠዋል፤ አንደኛው ማለፍ እንደሚችል የሚገልጽ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው እስከሚቀጥለው ምልክት ድረስ ያለው ሐዲድ ያልተያዘ ለመሆኑ ዋስትና ነው። ረዳት ምልክቱ ግን ፈቃዱን ሰጥቶ ዋስትናውን ያስቀራል። ለነጂው የሚለው፦ «መግባት ትችላለህ፤ ከፊትህ ያለውን ግን እኔ አላረጋገጥሁልህም፤ ዐይንህ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ለመቆም በምትችልበት ፍጥነት ሂድ» ነው። ኀላፊነቱ ከመሣሪያው ወደ ነጂው ዐይን የተላለፈው በሁለት ትንንሽ መብራቶች ነው።

ይህ ሽግግር ሳይስተዋል ሲቀር የሚሆነውን የ2016 የፕሊመዝ አደጋ ያሳያል። በሚያዝያ 3 ቀን በዚህ የእንግሊዝ ጣቢያ ከፔንዛንስ ወደ ኤክሴተር የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ሌላ ባቡር ወደ ቆመበት መሳፈሪያ በዚሁ አሠራር እንዲገባ ተደረገ። ምልክት ሰጪው ለሁለቱም ባቡሮች የሚበቃ ቦታ ያለ መስሎት ነበር፤ ቦታው ግን አልበቃም። ነጂውም በሥራው ብዙ ልምድ ያላካበተ ነበርና ወደ ተያዘ ሐዲድ በመግባት ላይ መሆኑን በጊዜው ሳይረዳ ቀርቶ ከቆመው ባቡር ጋር ተጋጨ። የሞተ ሰው ባይኖርም ብዙ ሰዎች ተጎድተዋል። መቀየሪያዎቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ረዳት ምልክቱም በርቷል። የጎደለው ምልክቱ ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር ዋስትና እንደሌለ መረዳት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ምልክት የሚወጣው የአማርኛ ስያሜ መለካት ያለበት በዚህ መስፈርት ነው። ስያሜው ፈቃዱን ብቻ ተናግሮ የዋስትናውን አለመኖር ቢሰውር፣ ቃሉ ለሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ስሕተት ይሆናል።

4. «መጥሪያ» ወይስ «ማስጠጊያ»

እንግሊዞች ይህን ምልክት «ኮሊንግ ኦን» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲመለስ ወደ ፊት መጥራት ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ተርጓሚው ሐሳብ የሚመጣው «የመጥሪያ ምልክት» የሚለው ነው። እኛ ይህን ስያሜ የማንቀበለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «መጥሪያ» በአማርኛ ቦታው ተይዟል፤ ለብዙው ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ወይም የበር ደወል ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን የትርጉሙ ጠባይ ነው። በእኛ ልማድ ሰው እንግዳን የሚጠራው ቦታ አዘጋጅቶ ነው፤ የተጠራ ሰው መንገዱ ክፍት፣ ቦታው ዝግጁ መሆኑን አምኖ ይመጣል። ስለዚህ «መጥሪያ» ሳይታወቀው ዋስትናውን ጨምሮ ይሰጣል።

እኛ የምናቀርበው «የማስጠጊያ ምልክት» የሚለውን ነው። «ተጠጋ» የሚለው ግሥ ያለ አንድ ሌላ ነገር አይቆምም፤ የተጠጋ ሰው ወደ አንድ ነገር ነው የተጠጋው፤ ወደ ግድግዳ፣ ወደ እሳት፣ ወደ ሰው። ስለዚህ «አስጠጋ» የተባለ ነጂ «ወደ ምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም በፊቱ ያለውን የቆመ ባቡር ያስታውሰዋል። ከዚህም ሌላ ቃሉ ፍጥነትን አያስተናግድም፤ እየሮጠ የሚጠጋ የለም። በከተማ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል በአንድ መቀመጫ ላይ ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቅን ማለቱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መቅረብም መጋራትም በአንድ ግሥ ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። እንግሊዝኛው የማይናገረውን ማስጠንቀቂያ አማርኛው በራሱ ይናገራል።

5. «ባዶ»፣ «ነፃ»፣ «ክፍት»፣ «ያልተያዘ»

በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሐዲዱ ባቡር እንደሌለበት፣ ምልክቱ እንደ ተከፈተ፣ ምልክት ሰጪውም ምልክቱን መክፈቱን ያመለክታል። አንዱ ቃል ለሦስት በመዋሉ ሰልጣኞች እንደሚደናገሩ መገመት አያዳግትም። በአማርኛ ግን አራት ቃላት ስላሉን ልንለያቸው እንችላለን።

«ባዶ» ለሐዲድ ባይውል ይመረጣል፤ ምክንያቱም መንገደኛ ያልጫነ ባቡር «ባዶ ባቡር» ይባላል። «መሳፈሪያው ላይ ያለው ባዶ ነው» የሚል መልእክት ቢተላለፍ ባዶ የተባለው ሐዲዱ ይሁን ባቡሩ አይታወቅም። «ነፃ» የሚለው ደግሞ ከክፍያና ከፖለቲካ ትርጉሞቹ የተነሣ ደብዛዛ ነው። «ክፍት» እና «ዝግ» ለምልክቱ ብቻ ይዋሉ፤ «ምልክቱ ክፍት ነው» ማለት ፈቃድ ተሰጥቷል ማለት እንጂ ሐዲዱ ባቡር የለበትም ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ። ለሐዲዱ የሚስማማው «የተያዘ» እና «ያልተያዘ» የሚለው ጥንድ ነው። ከዚሁ ሥር የሚወጣው «ይዞታ» ደግሞ የአሠራሩን ዓይነት ለመሰየም ያገለግላል። በአንድ ክፍል አንድ ባቡር ብቻ የሚገባበት አሠራር «የብቸኛ ይዞታ አሠራር»፣ ከአንድ በላይ የሚገባበት «የጋራ ይዞታ አሠራር» ይባላል። እንግሊዝኛው ሁለተኛውን የሚጠራው «ፈቃጅ» በሚል ቅጽል ሲሆን፣ ይህ በቀጥታ ቢመለስ «ልቅ» የሆነ ወይም ሕግ የላላበት አሠራር ሊመስል ይችላል። አሠራሩ ግን ሕግ የላላበት ሳይሆን የነጂው ኀላፊነት የከበደበት ነው።

6. «መጋራት» እና «መፈራረቅ»

«መጋራት» የሚለው ቃል በአማርኛ ጊዜን አይለይም። ሁለት ጎረቤቶች አንድ ጉድጓድ ይጋራሉ ሲባል በየተራ ይቅዱ በአንድነት አይታወቅም። በባቡር ሥራ ግን ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ ሁለቱ መስመሮች በስታዲየምና በልደታ መካከል በአንድ ሐዲድ እንዲያልፉ ሆነው ተሠርተዋል። ይህ በጊዜ መጋራት ነው፤ አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው ይከተላል፤ ለዚህም «መፈራረቅ» የሚለውን እናቀርባለን። «መጋራት»ን ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ በአንድ ሐዲድ ላይ ለሚገኙበት ሁኔታ ብቻ እንይዘዋለን።

ከዚሁ ጋር ስለ ሐዲድ ክፍል ስያሜ አንድ ቃል እንጨምር። እንግሊዞች «ብሎክ» የሚሉትን ፈረንሳዮች «ካንቶን» ይሉታል፤ ይህም የአስተዳደር አካባቢ ስም ነው። በዚሁ መንገድ በአማርኛ «ክልል» ማለት የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር ብዙ የአስተዳደር ክልሎችን የሚያቋርጥ ስለ ሆነ፣ «ባቡሩ ከክልሉ አልወጣም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። «የሐዲድ ክፍል» የሚለው ተራ ቢመስልም አያሳስትም።

በዚህ መስመር ታሪክ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ ቃላትን እንዴት እንደ ተቀበለ ማስታወስም ይጠቅማል። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ «ሐዲድ» ብረት ከሚለው የዐረብኛ ቃል፣ «ለገሃር» እና «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። የዕቃና የቦታ ስም እንዲህ በቀላሉ ይለመዳል፤ ዕቃው ራሱ በዐይን ስለሚታይ ቃሉ ቢጠጥርም አያሳስትም። የትእዛዝና የሁኔታ ቃል ግን የሚታይ ነገር ስለሌለው ከውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። «ፉርጎ»ን መተርጐም ሳያስፈልገን «ኮሊንግ ኦን»ን እንደ ወረደ መተው የማይገባን ለዚህ ነው።

7. በቃል ለሚተላለፍ ትእዛዝ

ምልክት ሲበላሽ ትእዛዙ በሬዲዮ ወይም በስልክ ይሰጣል። እዚህ ላይ የቋንቋው አሠራር ራሱ ከደኅንነት ጋር ይገናኛል። በእንግሊዝኛ «ቀጥል» የሚለው ይቀድምና ገደቡ ይከተላል፤ መስመሩ በመካከል ቢቋረጥ ነጂው የሚቀረው ያልተገደበ ፈቃድ ነው። በአማርኛ ግን ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «ሐዲዱ ያልተያዘ መሆኑን እስካየህበት ድረስ ቀጥል» ሲባል ገደቡ ይቀድማል፤ መልእክቱ ቢቆረጥ ነጂው ገደቡን እንጂ ፈቃዱን አያገኝም። እንደ ሐዲዱ ዑደት ሁሉ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄ ያጋድላል። ስለዚህ ተርጓሚ እንግሊዝኛውን ለመምሰል ብሎ «ቀጥል፤ ነገር ግን . . .» እያለ ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ የለበትም።

በአንጻሩ አማርኛ የሚደክምበት ቦታ አሉታው ነው። «ይሂዱ» እና «አይሂዱ» የሚለያዩት በመነሻቸው ባለች አንዲት ድምፅ ነው፤ በሬዲዮ ጩኸት መካከል የመጀመሪያዋ ድምፅ ብትጠፋ ክልከላው ፈቃድ ይሆናል። «ሂድ» እና «አትሂድ»ም ከዚህ ችግር አይድኑም። በመመሪያዎች ውስጥ ክልከላ በአሉታ ሳይሆን በራሱ ቃል፣ ማለትም «ቁም» ወይም «ይቁሙ» በሚለው እንዲነገር የምንመክረው ስለዚህ ነው።

መሳፈሪያን በፊደል መክፈልም ጥንቃቄ ይሻል። በኔዘርላንድ ረጅም መሳፈሪያ ያላቸው ጣቢያዎች በቁጥሩ ላይ የፊደላቸውን አንደኛና ሁለተኛ ፊደል ይጨምራሉ። በእኛ ፊደል ግን ይህን ብናደርግ አንደኛው «ሀ» ሦስተኛው «ሐ» ይሆናሉ፤ በጽሑፍ የተለያዩ ሲሆኑ በአማርኛ አነባበብ አንድ ናቸው። በድምፅ ማጉያ «መሳፈሪያ 2 ሐ» የተባለ መንገደኛ ወደ የትኛው ጫፍ ይሮጥ? «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» ወይም የተለያየ ቁጥር መስጠት ይሻላል።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

የሐዲድ ክፍል፦ ለአንድ ባቡር ብቻ እንዲውል በምልክት የተወሰነ የሐዲድ ርዝመት።
የተያዘ፣ ያልተያዘ፦ በሐዲድ ክፍል ውስጥ ባቡር ወይም ሌላ ተሽከርካሪ መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚገልጽ፤ ለሐዲድ ብቻ የሚነገር።
ክፍት፣ ዝግ፦ ምልክት ማለፍን መፍቀዱን ወይም መከልከሉን የሚገልጽ፤ ለምልክት ብቻ የሚነገር።
የመቆላለፊያ ሥርዓት፦ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ መንገዶች በአንድ ጊዜ እንዳይከፈቱ የሚያደርግ የመሣሪያ ቅንብር።
የሐዲድ ዑደት፦ የሐዲድ ክፍል መያዙን በኤሌክትሪክ ፍሰት መቋረጥ የሚያሳውቅ መሣሪያ።
የብቸኛ ይዞታ አሠራር፦ በአንድ የሐዲድ ክፍል በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ የሚገባበት አሠራር።
የጋራ ይዞታ አሠራር፦ ወደ ተያዘ የሐዲድ ክፍል ሌላ ባቡር በነጂው ዕይታ ተወስኖ የሚገባበት አሠራር።
መፈራረቅ፦ የተለያዩ መስመሮች ባቡሮች በአንድ ሐዲድ በየተራ ማለፍ።
የማስጠጊያ ምልክት፦ ዋናው ምልክት ዝግ ሳለ፣ ሐዲዱ ያልተያዘ ለመሆኑ ዋስትና ሳይሰጥ ለመግባት የሚፈቅድ ረዳት ምልክት።
በዕይታ መንዳት፦ ያልተያዘ መሆኑ በዐይን በሚታየው ርቀት ውስጥ ለመቆም በሚያስችል ፍጥነት መንዳት። «በጥንቃቄ መንዳት» የሚለው መለኪያ ስለሌለው በዚህ ቦታ አይበቃም።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተደነገጉ አይደሉም። በሐዲድ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየዕለት ንግግራቸው ከእነዚህ የተሻሉ ቃላት ይኖሯቸው ይሆናል፤ ካሏቸውም ቅድሚያው የእነርሱ ነው። መስፈርቱ ግን አንድ ሊሆን ይገባል። ቃሉን የሰማው ነጂ፣ ሌላ ማብራሪያ ሳይጨመርለት፣ ከፊቱ ባቡር ሊኖር እንደሚችል ይገንዘብ። ይህን የሚያደርግ ማንኛውም ስያሜ፣ ከእኛ ባይመነጭም፣ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።